ጥልፉን የወደደ እጁን ይጨብጥ

በዚህ እትም አብረን እንድናስብበት የማቀርብላችሁ ጥያቄ አጭር ነው። የሰውን የእጅ ሥራ እየወደዱ ሰውየውን ከማዕድ ማራቅ ይቻላል? ሥራውን ገዝቶ መልበስ፣ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ለእንግዳ ማሳየት፣ ሠሪውን ግን ደጅ ላይ ማስቀረት?

መቻሉንማ ይቻላል። አገራችን ለብዙ ዘመን ስትችለው ኖራለች። በቋንቋችን «ጥበብ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው ሰሎሞን ከእግዚአብሔር የለመነው ማስተዋል ነው፤ ሁለተኛው ሸማኔው በነጠላና በቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚያወጣው የቀለም ሥራ ነው። ሥራውን እንዲህ ባለ ትልቅ ቃል የጠራ ሕዝብ ሠሪውን ምን ብሎ እንደ ጠራው ግን ሁላችንም እናውቃለን። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው በስድብ ስም ሲጠሩ፣ «ቡዳ» ሲባሉ፣ ጋብቻ ሲከለከሉ ኖረዋል። በዓል ሲደርስ ደግሞ ያው ሰዳቢ የሸማኔውን ጥበብ ለብሶ፣ ቡናውን በሸክላ ሠሪዋ ጀበና አፍልቶ ይቀመጣል።

መጽሐፍ ቅዱስ ሥራውንና ሠሪውን እንዲህ አይለያይም። የመገናኛው ድንኳን ሲሠራ እግዚአብሔር ሁለት የእጅ ባለሙያዎችን በስማቸው ጠርቶ በጥበብ እንደ ሞላቸው በዘጸአት 35 እናነባለን። አንዱ ባስልኤል ነው፣ ከይሁዳ ነገድ። ሁለተኛው ኤልያብ ነው፣ ከዳን ነገድ፤ በሰማያዊና በሐምራዊ፣ በቀይ ክርና በጥሩ በፍታ የሚጠልፍ ሰው ነበር (ዘጸ. 38፥23)። እስራኤል በምድረ በዳ ሲጓዝ ይሁዳ ከፊት ይሄዳል፣ ዳን ከሁሉ ኋላ ይከተላል (ዘኍ. 10፥14 እና 25)። የፊተኛውና የኋለኛው ነገድ እጅ ግን በአንድ መጋረጃ ላይ ተገናኘ። በዚያው ምዕራፍ በእጃቸው የፈተሉ ሴቶችም ተጠቅሰዋል። መቅደሱን የፈለገ አምላክ የሠሪዎቹን ስምም ሊያስጽፍ ፈለገ።

እንግዲህ የእኛን ጥያቄ በዚህ ሚዛን ላይ እናስቀምጠው። ለዚህ እንዲረዳን አስቀድሜ ወደ አንድ ትልቅ የጥልፍ ትርኢት ልወስዳችሁ።

የሐምቡርግ ሴቶች

በደቡብ አፍሪካ ኢስተርን ኬፕ ግዛት፣ የኬይስካማ ወንዝ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ በሚገባበት ስፍራ ሐምቡርግ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ድህነት የጸናባት፣ ሥራ የማይገኝባት መንደር ናት። እ.ኤ.አ. በ2000 ካሮል ሆፍማየር የተባሉ ሐኪምም ሠዓሊም የሆኑ ሴት ወደዚያ ሄደው መኖር ጀመሩ። የመንደሩን ሴቶች ሰብስበው መርፌና ክር አስያዟቸው፤ ጥልፍ የሚያስተምሩ ሰዎችም መጡ። መጀመሪያ የተሠሩት ለገበያ የሚሆኑ ትንንሽ ነገሮች ነበሩ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ግን እነዚያ ሴቶች 120 ሜትር የሚረዝም ጥልፍ ጨረሱ።

120 ሜትር ማለት ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ቁመት የሚበልጥ ነው። መነሻ የሆናቸው በፈረንሳይ የሚገኘውና በ11ኛው መቶ ዘመን የተጠለፈው የባዮ ጥልፍ ነው። የባዮው 70 ሜትር ያህል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1066 የኖርማንዲው ዊልያም እንግሊዝን እንዴት እንደ ወረረ ይተርካል። የሐምቡርግ ሴቶች መልኩን ተውሰው ታሪኩን ገለበጡት። እነርሱ የጠለፉት የተወረረውን ሕዝብ ታሪክ ነው። መሬቱን ያጣውን፣ ከብቶቹን ያጣውን፣ በአፓርታይድ የተረገጠውን፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1994 ተሰልፎ ድምፁን የሰጠውን። ይህ ጥልፍ ኬፕታውን በሚገኘው የአገሪቱ ፓርላማ ውስጥ ተሰቀለ። ከአንዲት ትንሽ መንደር የወጣ ክር ሕግ አውጪዎቹ በሚመላለሱበት ግድግዳ ላይ ዋለ።

በዚያው ዘመን ኤችአይቪ መንደሯን ያጠፋ ነበር። ወጣቶች ይሞታሉ፣ አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ፤ የታመመውም ሰው ከበሽታው ጋር የሰውን ሽሽት ይሸከማል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከመቶ በላይ የሚሆኑ የመንደሩ ሰዎች ሆነው ስለዚህ መከራ አንድ ታላቅ ሥራ ሠሩ። መነሻ ያደረጉት ማቲያስ ግሩነቫልት የተባለው ጀርመናዊ ሠዓሊ ከ500 ዓመት በፊት የሣለውን የኢዘንሃይም የመሠዊያ ሥዕል ነው። ያ ሥዕል የተሠራው መነኮሳት ለሚያስተዳድሩት የሕሙማን ማረፊያ ነበር። ሕሙማኑ ቆዳ የሚያቆስል፣ እጅና እግር የሚያሳጣ በሽታ ነበረባቸው፤ ሠዓሊውም የተሰቀለውን ክርስቶስ በቁስል የተሞላ ገላ ሰጠው። የታመመው ሰው ቀና ብሎ ሲያይ የራሱን ቁስል በጌታ ላይ ያያል።

የሐምቡርጉ ሥራም እንደዚያ ሥዕል እንደ በር የሚከፈቱ ክንፎች አሉት። ሲዘጋ በመካከሉ የምትታየው የሐዘን ልብስ የለበሰች ባልቴት ናት፤ በዙሪያዋ ወላጅ አልባ ልጆች አሉ። ክንፎቹ ሲከፈቱ የመንደሩ ተስፋ በቀለም ፈክቶ ይወጣል። የመጨረሻዎቹ ሲከፈቱ የሦስት አያቶች ፎቶግራፍ በሰው ቁመት ልክ ይታያል፤ የልጅ ልጆቻቸው አብረዋቸው ናቸው። ሥራው ከአገሩ ወጥቶ በሰሜን አሜሪካና በእንግሊዝ ለሕዝብ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የኬይስካማ ሥራዎች በጆሃንስበርግ ኮንስቲትዩሽን ሂል በአንድ ሰፊ ትርኢት ቀረቡ። ያ ስፍራ ቀድሞ ማሕተመ ጋንዲና ኔልሰን ማንዴላ የታሰሩበት ወኅኒ ነበር፤ ዛሬ የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ይገኝበታል።

በመስቀሉ ቦታ ባልቴት መቆሟ አንዳንዶቻችሁን እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ። ስለ ኃጢአታችን የተሰቀለው አንድ ብቻ ነው፤ በእርሱ ስፍራ ማንም አይቆምም። ነገር ግን ያው ጌታ ከታናናሾቹ ለአንዱ የተደረገው ለእርሱ እንደ ተደረገ ነግሮናል (ማቴ. 25)። ባልቴቷን እያየ ጌታን ያላስታወሰ ሰው ይህን ምዕራፍ ደግሞ ቢያነበው ይጠቀማል።

ከኋላ ወንበር የመጣ ጥያቄ

የእነዚህን ጥልፎች ፎቶግራፍ ቦንጋ ውስጥ በማስተምርበት የወጣቶች ክፍል በፕሮጀክተር አሳይቼ ነበር። ወጣቶቹ ወደ ግድግዳው ተጠግተው አዩ። ዳንቴል የምትሠራ አንዲት እህት ምስሉን በጣቷ እየተከተለች «እዚህ ጋ ሠሪው ተቀይሯል፤ የዚህኛዋ እጅ ጠበቅ ይላል» አለች። ልክ ነበረች። ብዙ ሰው በጠለፈው ጨርቅ ላይ የእያንዳንዱ እጅ አመል ይታያል፤ አንዷ ታጠብቃለች፣ አንዷ ታላላለች፣ ሥራው ግን አንድ ነው።

«ታዲያ ሥራው የማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ «የሐኪሟ ነው፤ ያሰቡት እሳቸው ናቸው» አለ። ሌላዋ «ጣታቸው የተወጋው የሴቶቹ ነው» ብላ ተከራከረች። ሦስተኛው «የእግዚአብሔር ነው» ሲል ሁላችንም ሳቅን፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ለማንኛውም ጥያቄ የሚሆን መልስ ነውና። ከዚያ ከኋላ ወንበር ብዙ የማይናገር አንድ ልጅ እጁን አወጣና «መምህር፣ አብረው ይበሉ ነበር?» አለ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ጥያቄው ስለ ደቡብ አፍሪካ እንዳልሆነ ካፋ ተወልዶ ያደገ ሁሉ ያውቃል።

ከሌላ አካባቢ ለምታነቡ ላብራራ። በካፋ ማንጆ የሚባሉ ወገኖች አሉን። አባቶቻቸው የጫካው አዳኞች ነበሩ፤ ዘመኑ ሲለወጥ ብዙዎቹ ማገዶና ከሰል ለገበያ በማቅረብ ይተዳደራሉ። በድሮው ልማድ ማንጆ የሌላውን ሰው ቤት ገብቶ አይቀመጥም፣ በአንድ ሳህን አይበላም፣ ምግብ ቢሰጠው በቅጠል ላይ ነው። ጋብቻውም መቃብሩም የተለየ ነበር። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ከሚበሉት የዱር አውሬ ሥጋ ጋር የተያያዘ ነው። ዛሬ ብዙ ነገር ተለውጧል። በአንድ ትምህርት ቤት ተምረናል፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠን እንዘምራለን፣ በሕግ ፊትም እኩል ነን። ነገር ግን የልማድ ሥር የሚፈተነው አግዳሚ ወንበር ላይ አይደለም። የሚፈተነው ከጉባኤው በኋላ በቤታችን ቡና ሲፈላ ነው። ቡና ከካፋ ጫካ ለዓለም እንደ ወጣ በኩራት እንናገራለን፤ የብሔራዊ ቡና ሙዚየምም እዚሁ ቦንጋ ቆሞልናል። እንግዲያስ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ቡናው የፈላበት ከሰል ከማን እጅ መጣ? ሲኒውስ እስከ ማን እጅ ይደርሳል?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ድሩ እንዳያብር አስቀድመን የለየነው እኛ ከሆንን ግን ተረቱ በእኛ ላይ ይፈርዳል።

የማይሰማው ጣት

አሁን ወደ አገራችን ጥልፍ እንምጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ዘነበወርቅ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው በ1920ዎቹ በዶክተር ቶማስ ላምቢና በሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን አማካኝነት ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ከተቋቋመውና በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተጠራው ሆስፒታል ነው። በ1958 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ አለርት ተመሠረተ። በግቢው ውስጥ በበሽታው የተጎዱ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ጥልፍ ሲሠሩ ኖረዋል። የትራስ ልብስ፣ ቦርሳ፣ የግድግዳ ጌጥ ይሠራሉ፤ ቀለሙ ደማቅ ነው፣ አበቦቹ ጨርቁን ይሞሉታል።

የሥጋ ደዌ ትልቁ ጉዳት ብዙ ሰው እንደሚያስበው ጣት መቁረጡ አይደለም። ሕንድ አገር ቬሎር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ያገለገሉት ክርስቲያን ሐኪም ፖል ብራንድ ይህን በሚገባ አሳይተዋል። በሽታው የሚገድለው ነርቭን ነው፤ ነርቭ ሲሞት ስሜት ይጠፋል። እሳት ሲያቃጥለው፣ ምስማር ሲወጋው የማይሰማው ሰው እጁን አያነሣም። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ጣቱም በዚያ ምክንያት ይጠፋል። ሕመም ጠባቂ ነው፤ ጠባቂው ሲሄድ አካል ራሱን ያጠፋል።

እንግዲህ ጣቷ የማይሰማትን ጠላፊ አስቧት። መርፌ ከያዙት ጣቶች መካከል አንዱ ቢወጋ አታውቅም። ስለዚህ በዓይኗ መጠበቅ አለባት። ሥራ ስትጨርስ እጇን ወደ ብርሃን አድርጋ፣ መዳፏንም የጣቶቿንም መካከል ታያለች። ለእንዲህ ያሉ ሰዎች የሚሰጠው ትምህርትም ይኸው ነው፤ እጅህና እግርህ ባይሰማህ በየቀኑ በዓይንህ መርምር። ስሜት ያልነገራትን ዓይን ይነግራታል።

ይህን ስል ሥጋ ደዌን የኃጢአት ምሳሌ ማድረጌ አይደለም። በዚያ ዓይነት ስብከት ብዙ ሰው ቆስሏል። በሽታው እንደ ማንኛውም በሽታ ነው፤ በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት ይድናል፣ ሕክምናውን የጀመረ ሰውም ወዲያው ማስተላለፉን ያቆማል። እኔ ምሳሌ ያደረግሁት የጠላፊዋን ጥንቃቄ ነው፤ ከእርሷ የምንማረው አለንና።

ልማድም ያደነዝዛል። ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ ሰው ከደጅ ቆሞ ሲስተናገድ ያየን ሰዎች ነገሩ አያመንም። ክፉዎች ስለሆንን ላይሆን ይችላል፤ ስላልተሰማን ነው። «ማንንም አልጠላም» ብለን ስንናገር እውነታችንን ነው፤ ጥላቻ አይሰማንም። ግን ያ ጣት ወግቶም አይሰማም፣ ተወግቶም አይሰማም። ጳውሎስ አንዱ ብልት ሲሠቃይ ሌሎቹ አብረው እንደሚሠቃዩ ጽፏል (1ቆሮ. 12፥26)። አንዱ ተሠቃይቶ ሌላው ካልተሰማው ያ አካል ጤነኛ ነው ለማለት ይከብዳል። ስለዚህ «ይሰማኛል ወይ?» ብለን ራሳችንን ብንጠይቅ መልሱ አይጠቅመንም። በዓይን እንመርምር። ባለፈው ዓመት ቤቴ ገብቶ በሲኒዬ የጠጣው ማን ነው? ያልገባውስ? እኔ የማን ቤት ገብቼ በላሁ? ለሰርግ የጠራሁት፣ ለለቅሶ የሄድኩበት ማን ነው? ዝርዝሩን በወረቀት ጻፉት። ስሜት የደበቀውን ወረቀት ያወጣዋል።

ጴጥሮስ በኢዮጴ

በሐዋርያት ሥራ 9 መጨረሻ ላይ አንድ የልብስ ትርኢት አለ። ጣቢታ የምትባል ደቀ መዝሙር በኢዮጴ ሞተች። ጴጥሮስ ሲደርስ መበለቶቹ እያለቀሱ እርሷ የሠራቻቸውን ቀሚሶችና ልብሶች ያሳዩታል። ያ ትርኢት መግቢያ የሚከፈልበት አይደለም፤ ልብሱ በሴቶቹ ገላ ላይ ነበር፣ የሠሪዋም ሬሳ በዚያው ክፍል ነበረ። መበለቶቹ ልብሱን እያሳዩ ያለቀሱት ለሠሪዋ ነው። ልብስን በትክክል መውደድ ይህን ይመስላል፤ ከልብሱ አልፎ እጁን ይፈልጋል።

ጣቢታ ተነሣች፤ ምዕራፉ ግን በዚህ አይጠናቀቅም። ሉቃስ በመጨረሻው ቍጥር ላይ ጴጥሮስ በኢዮጴ ብዙ ቀን በቍርበት ፋቂው በስምዖን ቤት እንደ ተቀመጠ ይነግረናል። ቆላ ደጋውን የምታውቁ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባችኋል። ቆዳ ፋቂ የሞተ እንስሳ ይነካል፣ ሥራው ይሸታል፤ በአይሁድም ዘንድ የተናቀ ሙያ ነበር። ጴጥሮስ ግን በዚያ ቤት አደረ፤ የስምዖንን እንጀራ በላ ማለት ነው።

በዚያ ቤት ሰገነት ላይ ሳለም ከሰማይ አንድ ትልቅ ጨርቅ በአራት ማዕዘኑ ተይዞ ወረደለት፤ በውስጡም ልዩ ልዩ እንስሳ ነበረ። ጴጥሮስ «ርኩስ በልቼ አላውቅም» ብሎ ተከላከለ። ሦስት ጊዜ ተደጋገመ። በኋላ በቆርኔሌዎስ ቤት ሆኖ ትርጉሙን ሲናገር ስለ ሥጋ ዓይነት አላወራም፤ ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል እግዚአብሔር እንዳሳየው ተናገረ (ሐዋ. 10፥28)። «የሚበሉት አውሬ ነው» ለሚለው ለእኛ አገር ምክንያት ከዚህ የቀረበ መልስ አላውቅም። ልብ በሉ፤ ጴጥሮስ ኢየሩሳሌም ሲመለስ የተከሰሰው በመስበኩ አልነበረም። ክሱ ገብተህ አብረሃቸው በልተሃል የሚል ነው (ሐዋ. 11፥3)። ስብከት ይፈቀድ ነበር፤ ያስቆጣው ማዕዱ ነው።

ከዓመታት በኋላ ይኸው ጴጥሮስ በአንጾኪያ ሰው ፈርቶ ከአሕዛብ ማዕድ ራሱን ለየ። ጳውሎስም በሁሉ ፊት ገሠጸው፤ ጉዳዩን እንደ ባህል ልዩነት አላለፈውም፣ ከወንጌል እውነት መሳት ነው አለው (ገላ. 2፥11-14)። ራእይ ያየ ሐዋርያ ወደ ልማዱ ከተመለሰ፣ እኛ አንድ ጊዜ በስብከት ስለተነካን ብቻ ጨርሰናል ማለት አንችልም። ጠላፊዋ እጇን አንድ ቀን አይታ እንደማትተው እኛም መመርመር አናቆምም።

መቀበልን መማር

አንዳንዶቻችሁ እንዲህ ትሉኝ ይሆናል፦ «መምህር፣ እኛ እኮ እንረዳቸዋለን። ልብስ ሰብስበን ሰጥተናል፣ ለተማሪዎች ደብተር ገዝተናል። ከመቀበልስ መስጠት ይበልጣል ተብሎ የለም?» መልካም አድርጋችኋል፤ ስጦታችሁን አላቃልልም። ግን ሰጪ ሆኖ ከሩቅ መቆም ቀላል ነው። ሰጪ እጁን ከላይ ይዘረጋል፣ የሌላውን ሳህን ሳይነካ ይመለሳል። በቅጠል ምግብ ያቀርቡ የነበሩትም እኮ ሰጪዎች ነበሩ። መስጠት የሚያስገኘው በረከት ትልቅ ከሆነ፣ ሁልጊዜ እኔ ብቻ ሰጪ ስሆን ወንድሜን ከዚያ በረከት ከለከልሁት ማለት ነው።

ጌታችን በሰማርያ ጉድጓድ አጠገብ ያደረገውን እዩ (ዮሐ. 4)። ውሃ የሚሰጥ እርሱ ሆኖ ሳለ ንግግሩን የጀመረው ውሃ በመለመን ነው። ሴቲቱ የደነገጠችው አይሁዳዊ ከእርሷ መቅጃ ሊጠጣ በመጠየቁ ነው። ምጽዋት ቢሰጣት ኖሮ ይህን ያህል አትደነግጥም ነበር። እኩልነቷን ያወቀችው ከእጇ ለመቀበል ስለ ፈለገ ነው።

ጥልፍ መግዛትም ከእጅ መቀበል ይመስላል፤ ግን በመካከል ገንዘብ አለ፣ ሱቅ አለ። ገንዘቡ ጨርቁን ከሠሪው እጅ ያላቅቀዋል። ስለዚህ ትርኢት አይተን፣ አድንቀን፣ ከፍለን ስንወጣ ልባችን ሊሞላ ይችላል፤ የሆነ ነገር ያደረግን ይመስለናል። ፎቶግራፋቸው በሰው ቁመት የተሰቀለውን አያቶች አይቶ ያለቀሰ ሰው ሁሉ የሰፈሩን አያት ቤት ያንኳኳል ማለት አይደለም። የሥራው ፍሬ የሚታወቀው ተመልካቹ ወደ ሰፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነው።

«ወላጆቼስ?»

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ቀላል ነው ብዬ አላታልላችሁም። የምትኖሩት በአባታችሁ ቤት ነው፣ ሲኒው የእናታችሁ ነው። አባትና እናትን ማክበር የእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው። እንግዳ ይዞ ገብቶ ወላጅን በሰው ፊት ማሳፈር እንግዳውንም መጉዳት ነው፤ ማንም ሰው የሌላ ሰው ክርክር ማስረጃ ሆኖ ቡና መጠጣት አይፈልግም።

በሌላ በኩል ደግሞ «ታላላቆች ካለፉ በኋላ ይስተካከላል» ብሎ መጠበቅ ወንድምን በር ላይ አቁሞ ሽማግሌ እስኪሞት መጠበቅ ነው። በመካከል የሚሄድ መንገድ አለ። በራሳችሁ እጅ ካለው ጀምሩ። የእናታችሁ ሲኒ የእናታችሁ ነው፤ እግራችሁ ግን የእናንተ ነው። ቤታቸው ሂዱ። ከፊት ለፊታችሁ የቀረበውን ቆጮም ሆነ ቡና ተቀብላችሁ ብሉ፣ ጠጡ፣ አመስግኑ። ስታስቡት ከመጋበዝ መጋበዝን መቀበል ይበልጥ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከዚያ መጀመሩ ይሻላል። ከዚያ ወደ ቤታችሁ ተመልሳችሁ ለእናታችሁ የት እንደ በላችሁ በእውነት ንገሯት። አትከራከሩ፤ በልጅነታችሁ ያስተማረቻችሁን የጌታን ፍቅር አስታውሷት። ቁጣ ቢኖር ታገሡ። የብዙ እናቶች ልብ በክርክር ሲደነድን፣ ልጃቸው ሳይታመም በሰላም ተመልሶ ሲያዩት ሲለሰልስ አይቻለሁ።

በቤተ ክርስቲያንም የምታደርጉት አለ። ከአምልኮ በኋላ ሻይና ዳቦ ስታዘጋጁ ማን እንደሚቀዳ፣ ማን ዳቦውን እንደሚቆርስ አስተውሉ። ሁልጊዜ ተቀባይ የሆነ ሰው ካለ አንድ ቀን ቀጂ ይሁን። የመዘምራን ልብስ ስታሠሩ፣ የመድረኩን ጨርቅ ስታስጠልፉ መርፌውን የሚይዙት እነማን እንደሆኑ ጠይቁ። ያን ጨርቅ የአንድ ሰፈር ልጆች ብቻ ከሠሩት ቆንጆ ሊሆን ይችላል፤ የጉባኤው ሥራ ግን ሊባል አይችልም። ቆሮንቶሳውያን በጌታ እራት ሲገናኙ አንዱ እየጠገበ ሌላው ይራብ ነበር፤ ጳውሎስም የምትበሉት የጌታ እራት አይደለም አላቸው (1ቆሮ. 11፥20-22)። የተቀደሰው ማዕድ የሚፈተነው ከእርሱ በፊትና በኋላ ባሉት ማዕዶች ነው።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። መዝሙር 139፥15 ላይ መዝሙረኛው በስውር እንዴት እንደ ተሠራ ሲናገር የተጠቀመበት የዕብራይስጥ ቃል፣ በዘጸአት ውስጥ ኤልያብ «ጠላፊ» ከተባለበት ቃል ጋር አንድ ሥር ያለው ነው። በእናቱ ማኅፀን እንደ ጥልፍ ተጠልፌአለሁ እንደ ማለት ነው። የከሰል ጆንያ የሚሸከመው እጅ፣ ስሜቱን ያጣው እጅ፣ ቆዳ የሚፍቀው እጅ የእግዚአብሔር መርፌ ያለፈበት ነው። ከኋላ ወንበር ያለው ወንድማችን ጥያቄውን ጠይቆ እጁን አውርዷል። መልሱን ከክፍል ውስጥ አይጠብቅም፤ ቡና በሚፈላበት ቤት ይጠብቃል። ጌታ ዓይናችንን ይክፈትልን፤ ለመቀበልም እጃችንን ያዘርጋን።